ሁለት የድሃ ልጆች፦ የ1966ቱ «ሴክተር ሪቪው» ለምን ወደቀ?

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በዚያ ዕለት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎችም ቤንዚን ተወደደብን ብለው መኪናቸውን አቆሙ። ስለ አብዮቱ ሲወራ ሁለቱ አድማዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይነሡና ወሬው ወዲያው ወደ ወታደሩ ይሻገራል። የባለታክሲዎቹ ጥያቄ ግልጽ ነው። የመምህራኑ ጥያቄ ግን ደመወዝ ብቻ አልነበረም። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» (የዘርፍ ግምገማ) በተባለው ጥናት መሠረት ሊያመጣው ያሰበውን የትምህርት ለውጥ እንዲተወው ይጠይቁ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ለውጡ ታገደ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

እዚህ የምንመረምረው ያንን አንድ ሰነድ ነው፦ ምን ይል ነበር፣ ሒሳቡ እንዴት ይሠራ ነበር፣ የት ላይ ተሰናከለ፣ ቁርጥራጮቹስ በኋላ በምን መልክ ተመለሱ። ሰነዱን የዓለም ባንክ ሴራ አድርጎ የሚያየው ወገን አለ፤ ባለመተግበሩ አገር ትልቅ ዕድል አመለጣት የሚልም አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ያልፋቸዋል። የሚኒስቴሩ ሰዎችም መምህራኑም ስለ ድሃ ልጅ ሲናገሩ የሚናገሩት ከልባቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚናገሩላቸው ልጆች ሁለት የተለያዩ ልጆች ነበሩ። አንደኛው ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ነው። ሁለተኛው እንደ ምንም ብሎ ገብቶ አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ወላጆቹ «አምስተኛ ቢያልፍ፣ ስምንተኛን ቢወስድ» እያሉ ቀን የሚቆጥሩለት ልጅ ነው። ለመጀመሪያው ቦታ ለማግኘት የሁለተኛውን መንገድ ማሳጠር ያስፈልጋል የሚል ነበር የሰነዱ ፍሬ ነገር።

ከጥናቱ በፊት

ከ1933ቱ ድል በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ከሞላ ጎደል ከዜሮ ነው የተነሣው። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ከተማረው ትንሽ ሰው ብዙው አልቋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግብ መሥሪያ ቤቶችን የሚሞላ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ መምህርና አስተዳዳሪ ማፍራት ነበር። ግቡ ለጊዜው ትክክል ነበር፤ ችግሩ ጊዜው ካለፈ በኋላም አለመለወጡ ነው። በ1940 ዓ.ም. ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። ግብሩ በመሬት ላይ ነው ማለት ጫናው ያረፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በአብዛኛው የተሠሩት በከተማ ነበር። ይህ ቅሬታ ከሴክተር ሪቪው በፊት የነበረ ነው፤ ሰነዱም በራሱ መንገድ ሊመልሰው ሞክሯል።

በ1953 ግንቦት የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ኃላፊዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የእንግዶቹና የአስተናጋጇ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙዎቹ እንግዶች ገና ከቅኝ ግዛት የወጡ ወይም በመውጣት ላይ የነበሩ ናቸው። ሦስት ሺህ ዘመን የምትቆጥረው ኢትዮጵያ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ተሳትፎ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ትምህርት ቤቶች ተጨመሩ፣ የተማሪው ቁጥርም አደገ። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንኳ በአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሕፃናት የሚማሩት ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 10 በታች ነበር።

ገንዘቡም አልነበረም፤ ይልቁንም አልተመደበም ማለት ይቀላል። ከ1960 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ለትምህርት የሚወጣው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 1.4 እስከ 3 ብቻ ነበር። በዚያው ጊዜ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከመቶ 2.5 እስከ 6 ያወጡ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የትምህርቱ መዋቅር 6-2-4 ነበር፦ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። በየደረጃው መጨረሻ ማጣሪያ አለ። የስምንተኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ያልፈተነው፣ የ12ኛ ክፍል «ማትሪክ» ያላስጨነቀው የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። እስከ ስድስተኛ በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። እያንዳንዱ ክፍል የሚያዘጋጀው ለሚቀጥለው ክፍል ነው፤ የሚቀጥለው ክፍል የማይደርሰው ልጅ ይዞት የሚወጣ ሙያ የለም። በዚያ ላይ 12ኛን ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በከተማ መታየት ጀምረው ነበር። ጥናቱ ይህንን ሁሉ በትክክል አይቶታል። ሥርዓቱ ለጥቂቶች የቆመ፣ ግትር፣ ለአካባቢው ፍላጎት መልስ የማይሰጥ ነው ሲል በድፍረት ጽፏል። ይህ የተጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስም በተሠራ ሰነድ ላይ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ጥናቱና ምክሩ

ሥራው በ1964 መጀመሪያ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተጠናቀቀ። 14 የጥናት ቡድኖች ተቋቋሙ። ከ81ዱ አባላት 51ዱ ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የመጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 30ዎቹ ከዓለም ባንክ፣ ከዩኔስኮና ከመሳሰሉት ድርጅቶች የመጡ የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ። «ባንኩ የጻፈው ነው» የሚለው ክስ በአባላት ቁጥር ሲታይ አይቆምም። ነገር ግን ብድር ፈላጊ መንግሥትና አበዳሪ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ የማን ድምፅ እንደሚከብድ የሚወስነው የወንበር ብዛት ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ትምህርት ማበደር የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር፤ ጥናቱም ለቀጣዩ ብድር መሠረት እንዲሆን የታሰበ ነበር።

ምክሩ በአጭሩ ይህ ነው። የመጀመሪያው አራት ዓመት በተቻለ ፍጥነትና በተቻለ ዝቅተኛ ወጪ ለሁሉም ሕፃን ይዳረስ። ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ወጣቶች በሌላ በር ገብተው የሁለት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ያግኙ። ከአራተኛ በላይ ያለው መካከለኛ ደረጃ አራት ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃም አራት ዓመት ይሁን፤ መዋቅሩ 4-4-4 ይሆናል ማለት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ ገጠር ኑሮ ይቅረብ፤ ከመደበኛው ውጭ ያለው ሥልጠና ይስፋ። እያንዳንዱ ደረጃ በራሱ የተሟላ፣ ለአብዛኛው ተማሪም የመጨረሻው ይሁን።

የመጨረሻዋን ሐረግ መልሰን እናንብባት፦ ለአብዛኛው ተማሪ የመጨረሻው ይሁን። ለባለሙያ ይህ የሥርዓተ ትምህርት ቋንቋ ነው፤ «ልጁ በየትኛውም ደረጃ ቢወጣ ባዶ እጁን አይውጣ» ማለት ነው። ለወላጅ ግን ሌላ ነው፤ «ልጅህ አራተኛ ላይ ይቆማል» ማለት ነው። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው። ሰነዱን የገደለው ይህ ሁለት ፊት ያለው ሐረግ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የሚከተለው ስሌት የእኛ ነው፤ የሰነዱ አይደለም። የቀለለ ቢሆንም የነገሩን አጥንት ያሳያል።

የአንደኛ ደረጃ መደበኛ በጀት ማለት በአመዛኙ የመምህር ደመወዝ ነው። ጠመኔና መዝገብ ከዚያ ጎን ሲቀመጡ ኢምንት ናቸው። ስለዚህ ባለው ብር ብዙ ልጅ ለማስተማር ያሉት መንገዶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አንድ ልጅ የሚማርባቸውን ዓመታት መቀነስ፣ አንድ መምህር የሚያስተምራቸውን ልጆች ማብዛት፣ ለአንድ መምህር የሚከፈለውን መቀነስ። አራተኛው መንገድ በጀቱን ራሱን መጨመር ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ስድስት ዓመት ወደ አራት ሲወርድ አንድ ሦስተኛው ገንዘብ የሚተርፍ ይመስላል። በአንድ በኩል ስድስቱም ክፍሎች እኩል ተማሪ ቢኖራቸው እውነት ነው፤ ከመቶ 18 የነበረው ወደ 27 ያድጋል። ክፍሎቹ ግን እኩል አይደሉም። ልጆች በየዓመቱ ያቋርጣሉ። ለምሳሌ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ 100፣ 70፣ 60፣ 50፣ 40 እና 35 ተማሪ ያለበትን ትምህርት ቤት እናስብ። ድምሩ 355 ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ሲዘጉ የሚለቀቀው የ75 ልጅ ቦታ ነው፤ ከመቶ 21። ያ ቦታ ለታችኞቹ ክፍሎች ቢውል ከመቶ 18 የነበረው ተሳትፎ ወደ 23 ገደማ ብቻ ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ይሰጣል። 40 ልጅ የነበረበት ክፍል 60 ቢይዝ 23ቱ ወደ 34 ይወጣል። አንድ መምህር ጠዋትና ከሰዓት በሁለት ፈረቃ ቢያስተምር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይበልጣል፦ የመምህሩ ዋጋ በግማሽ ቢወርድ፣ ማለትም አነስተኛ ሥልጠና ያለው አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ቢቀጠር፣ 34ቱ ወደ 68 ይደርሳል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ሕዝቡን ያስቆጣው የ«አራተኛ ላይ ይቆማል» ክፍል ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ የሚያተርፈው ክፍል ነበር። ሁለተኛ፣ ትልቁ ቁጠባ የሚመጣው ከመምህሩ ጉልበትና ከመምህሩ ኪስ ነው። «ደመወዛችን ሊቀነስ ነው» የሚለው የመምህራኑ ሥጋት ባዶ ፍርሃት አልነበረም። ማንም ቁጭ ብሎ ቢያሰላ የሚደርስበት ውጤት ነው፤ መምህራን ደግሞ ማስላት ያውቃሉ።

አራተኛው መንገድስ? ከላይ ያዙልን ያልነው ቁጥር እዚህ ይገባል። ከመቶ 1.4 እስከ 3 የነበረው ድርሻ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወደሚያወጡት ቢጠጋ ኖሮ ሦስቱንም መንገዶች በለዘብታ መጠቀም ይቻል ነበር። ሰነዱ ስለ ወጪ በጥንቃቄ ያሰበ ነው፤ ጥንቃቄው ግን አገሪቱ ለትምህርት የምትመድበው ድርሻ ብዙም አይለወጥም በሚል ግምት ላይ የቆመ ይመስላል። የአጥኚዎቹ ጥፋት ነው ለማለት ያስቸግራል። የመሬት ግብርና የወታደር በጀት በተቀደሱበት አገር የትምህርት ባለሙያ በእጁ ባለው ብር ብቻ ያሰላል።

ሌላም ያልተጠየቀ ወጪ ነበር። ወደ ገጠርና ወደ ሙያ ያዘነበለ ትምህርት ርካሽ አይደለም። ለቀለም ትምህርት ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ለእርሻ ትምህርት መሬት፣ ዘርና በሬ ያስፈልጋል፤ ለእንጨትና ለብረት ሥራ መሣሪያና የሚያልቅ ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋል። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በተባሉት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ወርክሾፖች ይህን አሳይተው ነበር። መሣሪያው ሲሰበር የሚጠገንበት፣ ጥሬ ዕቃው ሲያልቅ የሚተካበት በጀት ከሌለ ክፍሉ ተመልሶ የደብተር ትምህርት ይሆናል። በርካሽ ማዳረስንና ትምህርቱን ሙያዊ ማድረግን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል፤ በአንድ በጀት ማሟላት ግን ከባድ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ከተቺዎቹ መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ስለ ትምህርት አልነበረም። «የገበሬው ልጅ እርሻ ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ» ሲባል፣ ወደ ማን እርሻ? በደቡቡ ክፍል በተለይ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር፤ ከምርቱ እስከ እኩሌታው የሚሆነውን ለባለመሬት ይገብር ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትምህርት ማለት ከሞፈርና ቀንበር መውጫ፣ ወደ ወር ደመወዝ መሻገሪያ ነው። ልጁ የተሻለ አስተራረስ ቢማር ትርፉ የሚገባው ከባለመሬቱ ጎተራ ነው። አልፎ ተርፎ መሬቱ ጥሩ ምርት ሲያፈራ ጭሰኛው ሊነቀልም ይችላል።

ስለዚህ የገጠር ሥርዓተ ትምህርት ትርጉም የሚኖረው ከመሬት ይዞታ ለውጥ ጋር ሲመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡ በ1966 ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ስለ መሬት የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም፤ ሰነዱም ሊነካው የማይችለውን ነገር እንደሌለ አድርጎ አለፈው። የትምህርት ማሻሻያ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው፦ ሌላ ሚኒስቴር ያልፈታውን ችግር ትምህርት ቤት እንዲፈታው ሲጠየቅ።

በዚያ ላይ ሀብታሙ የሚሄድበት ሌላ በር ነበረው። የግል ትምህርት ቤቶችና የውጭ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች አራተኛ ላይ አይቆሙም። የመንግሥቱ መንገድ ሲጠብብ የሚጎዳው ሌላ መንገድ የሌለው ነው። ወላጆች «የድሃ ልጅ እንዳይማር ነው» ያሉት ሰነዱን አንብበው አይደለም፤ ይህን አይተው ነው።

የአሥራ ስምንት ወር ዝምታ

ጥናቱ ያለቀው ሐምሌ 1964 ነው። ለሕዝብ የወጣው የካቲት 1966። በመካከሉ ከአሥራ ስምንት ወር በላይ አለ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰነዱ በባለሥልጣናት እጅ ነበር እንጂ አልጠፋም። በጥናት ቡድኖቹ ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያውያን የሥራ ባልደረባ፣ ጓደኛ፣ ወንድምና እኅት አላቸው። ወሬው መውጣቱ አይቀርም፤ ወጣም። የወጣው ግን ሙሉው አይደለም። «አራት ዓመት»፣ «የክፍል ተማሪ ይበዛል»፣ «ርካሽ መምህር» የሚሉት ቁርጥራጮች ናቸው። «ለሁሉም ሕፃን» የሚለው አብሮ አልወጣም፤ ቢወጣም የሚያምነው አልነበረም፤ መንግሥት ስለ ወሎ ረሃብ እንኳ እውነቱን አልተናገረምና። የፖለቲካ ፓርቲ በማይፈቀድበት፣ ጋዜጣውም የመንግሥት በሆነበት አገር ነገሩን አብላልቶ የሚመልስ መድረክ አልነበረም። የቀረው የመምህራን ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲውና የቡና ላይ ወሬ ነበር።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል። «ሴክተር ሪቪው» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እስከ ዛሬ በአማርኛችን እንዳለ ቀርቷል። በሕዝብ ቋንቋ ያልተነገረ ነገር በሕዝብ ቋንቋ ስም አያገኝም። ሰው የማያውቀውን ቃል ሲጠራ የሚጨምርበት ጥርጣሬ አለ፤ «ምን ቢደብቁበት ነው?» ይላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው የመምህሩ ቦታ ነው። ማንኛውም የትምህርት ለውጥ ክፍል ውስጥ የሚገባው በመምህሩ እጅ ነው። ያ ሰው ለውጡን የሰማው በወሬ፣ ያውም ሌሎች ከሰሙ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ፣ በየአውራጃው አባላት ያሉት ድርጅት ነው። በዚያን ጊዜ ከወታደሩና ከቤተ ክህነቱ ቀጥሎ በአገሪቱ ዳርቻ ሁሉ ሰው ያለው ማነው ቢባል መልሱ መምህሩ ነበር። ማኅበሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ ክፍል ብዛት፣ ስለ ፈረቃ ተጨማሪ ክፍያና ስለ ደመወዝ እርከን መደራደር ይቻል ነበር። «ፈረቃ ያስተማረ ይህን ያህል ይጨመርለታል፤ ነባሩ መምህር ደመወዙ አይነካም፤ አዲሱ ረዳት መምህር በሌላ እርከን ይቀጠራል» የሚል አንድ ገጽ ስምምነት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ከሥጋቶቹ አንዱ ይቀንስ ነበር።

የየካቲቱ ሳምንት

ታኅሣሥና ጥር በራሳቸው ከባድ ነበሩ። በጥር መጀመሪያ ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች አመፁ። ወሎ በረሃብ እየረገፈ መሆኑ ታውቋል። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ አዲስ አበባ ደርሷል። የሴክተር ሪቪው ይፋ መሆን በዚህ ላይ ተጨመረ፤ ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ ያስቸግራል።

መምህራኑ የካቲት 11 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው መንገድ ላይ ይውላል። ታክሲ በሌለበት ከተማ አውቶቡስ በድንጋይ ተደበደበ። በቀናት ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚን ዋጋ እንዲቀንስ አዘዙ፤ የትምህርቱ ለውጥም እንዲቆም ተደረገ። ሁለቱ ውሳኔዎች አብረው መነገራቸው አንድ ነገር ይነግረናል። መንግሥት ለትውልድ የሚተርፈውን የትምህርት ዕቅድና የሳምንቱን የቤንዚን ዋጋ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ሁለቱንም ለማብረጃ አዋለ። ማንም «የትኛው ክፍል ይቅር፣ የትኛው ይሻሻል?» ብሎ አልጠየቀም። ሰነዱ እንዳለ ወደቀ፤ ከአራት ዓመቱ ጣሪያ ጋር «ለሁሉም ሕፃን» የሚለውም አብሮ ወደቀ።

ያን ቀን ያሸነፈው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው የድሃ ልጅ ነው። ውጭ ያለው፣ ከመቶ 82ቱ፣ በክርክሩ ላይ ተወካይ አልነበረውም። ተማሪ አይደለም፣ ሰልፍ አይወጣም። ወላጁ የማኅበር አባል አይደለም። ስለ እሱ የሚናገረው ሚኒስቴር ብቻ ነበር፤ የሚኒስቴሩን ቃል ደግሞ በዚያ ወር የሚሰማ አልነበረም።

በሌላ ስም

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ የሆነውን በጥሞና ላየ ሰው ሰነዱ እንዳልሞተ ይገነዘባል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ። «ወደ ማን እርሻ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ፤ የሀብታሙ ሌላ በር ተዘጋ። የገበሬ ማኅበራት እንጨትና ጉልበት አዋጥተው ትምህርት ቤት ሠሩ። በ1967 የነበሩት 3,196 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1978 ወደ 7,900 ተጠጉ፤ በየዓመቱ በአማካይ 428 ማለት ነው። ተሳትፎውም ከመቶ 18 ወደ 34 አደገ።

ይህ እድገት የመጣው የትምህርት ዓመታቱን በማሳጠር አይደለም። ክፍሎቹ ተጣበቡ፣ ፈረቃ ተለመደ፣ በቂ ሥልጠና ያላገኙ መምህራን በብዛት ገቡ። መምህራኑ በ1966 የፈሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ በሥራ ላይ ዋለ፤ በዚህ ጊዜ ግን አድማ መምታት የሚቻልበት ዘመን አልነበረም። ከላይ በምሳሌያችን ክፍሉን ከ40 ወደ 60 ስናሳድግ የደረስንበት 34 እና ይህ እውነተኛው 34 መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ማስረጃ አናደርገውም። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ከዚያ በሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ለሁለት እርከን ተከፈለ። የመጀመሪያው እርከን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ነው፤ መሠረታዊ ትምህርት ተባለ። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በአንድ ክፍል ያስተምር ነበር። ለዚህ እርከን የሚያስተምረው መምህር አሥረኛን ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ፣ «10+1» የሚባለው ነበር፤ ደመወዙ ከበላይ እርከን መምህር ያንስ ነበር። በአሥረኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠ፤ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። አራት ዓመቱ፣ ርካሹ መምህር፣ ወደ ሙያ የሚወስደው መውጫ፣ ሦስቱም ከ1964ቱ ጥናት ጋር ይመሳሰላሉ። አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ፦ አራተኛ ላይ ግድግዳ አልቆመም። ስምንቱም ዓመት የአንደኛ ደረጃ ነበር፤ ልጁ ወደ አምስተኛ ለመግባት ቦታ መለመን አልነበረበትም። ይህች ልዩነት ፖሊሲውን በወላጅ ዘንድ ተቀባይ ለማድረግ የረዳች ይመስለናል።

ፖሊሲው ሌላ ክርክር አስነሥቷል፤ በተለይ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርና በጥራት ጉዳይ። በኋላም በትምህርት ፍኖተ ካርታው መሠረት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቀርቶ መዋቅሩ ወደ 6-2-4 ተመለሰ፤ ከሴክተር ሪቪው በፊት ወደነበረው ቁጥር። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሲሆኑ ያው የቆየ ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሣ፦ ቀሪው ምን ይዞ ይውጣ?

ስለ አራት ዓመቱ ግድግዳ አንድ ነገር ይቀራል። የ1986ቱ ፖሊሲ በጽሑፍ አላቆመውም ብለናል። ነገር ግን በርካታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ይዘው ነበር፤ አራት ክፍል፣ ጥቂት መምህራን፣ በማኅበረሰቡ መዋጮ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ። አራተኛን የጨረሰች ልጅ አምስተኛ ለመግባት ወደ ሌላ ቀበሌ ወይም ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ ነበረባት። መንገዱ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ወንዝ ካለበት፣ ልጅቷም አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት፣ ቤተሰብ የሚወስነውን ሁሉም ያውቃል። በ1966 መምህራን የታገሉት የአራተኛ ክፍል ማቆሚያ ለእሷ በመንገዱ ርዝመት ቆሞ ነበር፤ የተፈታውም ትምህርት ቤቱ ውስጥ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል በተጨመረ ጊዜ፣ በተጨመረበት ቀበሌ ብቻ ነው።